ሕመምተኛ ጠያቂዋ አህያ

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም ለማዳውም በየፊናው መሬት ይዞ ያርስ በነበረበት ዘመን፣ ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዳልቻ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። እየበላች ትሄዳለች፣ እየጠጣች ትሄዳለች፣ ተኝታ እንኳ እግሯ ይንፈራገጣል። ዕድሜዋን ሁሉ ለአንበሳ ቤት ጨው ስትጭን ኖራ ጀርባዋ ተልጧል። አንድ ቀን ጭነቷን አራገፈችና አንበሳ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ጨው ይብቃኝ። ምንጩ አጠገብ ያለውን ቁራሽ መሬት ይስጡኝና በርበሬ ላብቅልበት።»

አንበሳ ሥጋ ያለ በርበሬ አይወርድለትም። ጥቂት አሰበና፣

«ሣሩ ቢጫ ሲሆን መጥቼ አያለሁ» አላት። «ቀይ በርበሬ ካገኘሁ መሬቱ ያንቺ ነው። ካጣሁ ወደ ጨውሽ ትመለሻለሽ። ሁለተኛም አትጠይቂኝም።»

ዳልቻ መሬቱን በኮቴዋ ገለበጠች፣ ፍግ አለበሰች፣ ከምንጩ ቦይ ቀደደች፣ ችግኙንም በስድስት መደዳ ተከለች። ክረምቱ ሲበረታ የአጥሩ አጋም ተንሰራፍቶ ስድስተኛውን መደዳ ከሌሎቹ ለየው። እሾሁ ጆሮዋን ስለሚይዛት ወደዚያ መግባት ተወች። ውኃ በቦዩ ትለቅለታለች፣ ከሩቅ «ደህና ናችሁ?» ትላለች፣ አበቃ።

አምስቱን መደዳ ግን ጠዋት ጠዋት ትዞራቸዋለች። በሥነ ሥርዓት ያደገች አህያ ናትና ሰላምታ አትዘልም። ከበሩ ትጀምርና እያንዳንዷን በርበሬ በአፍንጫዋ እየሳመች «እንደምን አደርሽ? እንደምን አደርሽ?» እያለች እስከ ዳር ትደርሳለች።

አንድ ጠዋት በሩ አጠገብ ያለችው በርበሬ፣ ከሁሉ ቀድማ ያበበችው፣ ታማ አገኘቻት። ቅጠሏ ተጨማዷል። ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ተጠቅልሏል። አረንጓዴው ላይ ቢጫ ነገር ተዥጎርጉሮበታል። ከጫፏ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ደግሞ ስፋት አጥቶ እንደ ክር ቀጥኗል፤ እሱም ጠማማ ነው።

ዳልቻ ደነገጠች። ከልጅነቷ የተነገራት ነገር ትዝ አላት። ሕመምተኛ እያለ ጤነኛውን ቀድሞ ሰላም ማለት ነውር ነው፤ ሕመምተኛ ሳይጠይቅ የሚያልፍም ከሰው አይቆጠርም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛይቱን ታስቀድማለች። «እግዜር ይማርሽ» ትላታለች፣ የተጨማደደ ቅጠሏን በአፍንጫዋ ትዳብሳለች፣ ደግማ ትስማታለች፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ታልፋለች።

በሳምንቱ ሦስት ታመሙ። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያው መደዳ በሙሉ ተጨማደደ። በሽተኛ ሲበዛ ጥየቃውም በዛ። ጠዋት ብቻ የነበረው ቀትርም ሆነ፣ ከዚያ ማታም ተጨመረ። ዳልቻ እህል አልወርድ አላት። ከበር ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ በር ትላለች። የጨው ጭነት ጀርባዋ ላይ የተጫነ እየመሰላት ቆዳዋ ይንዘፈዘፋል።

በዚያ አገር መድኃኒት አዋቂ የምትባለው እመት ቀበሮ ነበረች። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ዳልቻ እየሮጠች ሄዳ አመጣቻት። ቀበሮ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ገብተው ይዩልኝ እንጂ፣ እመት ቀበሮ።»

«ጭቃ ምን አስረገጠኝ! ከዚሁ ይታየኛል። ምች ነው።»

«ምች በርበሬንም ይመታል?»

«ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ውላ የለም እንዴ? ምች ማንን ይፈራል! አንድ እስር ዳማከሴ ቁረጪና ጨምቀሽ ቅጠል በቅጠል ቀቢያቸው። ከታመሙት ጀምሪ። ያልታመሙትንም እንዳታልፊያቸው፣ ነገ የእነሱ ተራ ነው።»

«ለድካምዎ ምን ልስጥዎ?»

«ከአንቺ ምን እቀበላለሁ፣ እህቴ! አጥሩ ሥር አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተይልኝ። ጅግሮቹ ውኃ ሊጠጡ ሲመጡ ሰላም ልላቸው።»

ምንጩ ላይ ማንንም መያዝ አንበሳ የከለከለው ነበር። ዳልቻ ግን ከበርበሬዋ በቀር የምትሰማው ነገር አልነበረም። ቀዳዳውን ከፈተች። ዳማከሴውን በጥርሷ ይዛ ከታመሙት ጀመረች፤ በዚያው እስር ጤነኞቹን ቀባች። በአምስተኛው ቀን በሽታው ሦስተኛው መደዳ ገባ።

ቀበሮ ተመልሳ መጣች። አፏ ዳር የጅግራ ላባ ተጣብቋል። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አንዲት የተበሳሳች ቅጠል አየች።

«ይኸው! አሁን ገባኝ። ቀዳዳ አየሽ? ፌንጣ ነው።»

«እሷንማ ፌንጣ በልቷታል» አለች ዳልቻ። «ፌንጣ የበላው ቅጠል ይጎድላል እንጂ አይጣመምም። የሌሎቹ ቅጠል ሙሉ ነው፣ ግን ጠማማ ነው። ይዩት እስቲ።»

«አዋቂዋ ማን ናት? እኔ ወይስ አንቺ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው አመድ ነስንሽባቸው። ጭራሽን ነክረሽ እያሻሸሽ፣ ከላይም ከሥርም።»

ዳልቻ ጭራዋን አመድ ውስጥ ነክራ፣ በሽተኛውንም ጤነኛውንም በዚያው ጭራ እያሻሸች ዋለች። ሲደክማት ጋደም ብላ ታያቸዋለች፤ ማየቱ ሲያስጨንቃት ደግሞ ትነሣለች። አሥር ቀን ሳይሞላ አምስቱ መደዳ ሁሉ ተጠማዘዘ። ያበበው አበባውን አረገፈ። ያፈራው ፍሬው እንደ ጣት ጎበጠ። ሣሩም ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር።

ዳልቻ ቀበሮን ፍለጋ አልሄደችም፤ ቀዳዳው ሥር ጠበቀቻት። «እመት» ማለቱም፣ «እርስዎ» ማለቱም ቀረ።

«አንቺ ቀበሮ! ነገ አንበሳ ዘንድ እሄዳለሁ። መድኃኒትሽንም እነግረዋለሁ፣ ጅግሮቹ የት እንደ ገቡም እነግረዋለሁ።»

ቀበሮ ፈገግ አለች። «ምን አስቸኮለሽ? ለዚህ በሽታ ከኔ የበለጠ ሐኪም አለ። ዛሬውኑ እልክልሻለሁ» ብላ ወደ ኮረብታው ሮጠች።

አያ ጅቦ ከዋሻው ደጅ አጥንት እየጋጠ ነበር። አጥንቱ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ እሱ ግን አላስተዋለም።

«አያ ጅቦ፣ ሥራ አግኝቼልሃለሁ። ሐኪም ሆነሃል።»

«ሐኪም ምን ይበላል?»

«አህያ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ እንሂድ!»

«ቀስ በል! ዘለህ ብትገባ እርግጫዋ አይቻልም። ሐኪም ነኝ በላት። በርበሬውን አሽትት፣ ራስህን ነቅንቅ፣ ወደ አጥሩ ጥግ ስትጠጋ ያኔ ብላት። ገባህ?»

«ገባኝ። ብላ፣ አሽትት፣ ነቅንቅ።»

«ብላ መጨረሻ ላይ ነው!»

«ለምን መጨረሻ ላይ ሆነ?»

«እንዲያው ሆነ በቃ!»

አያ ጅቦ መንገዱን ሙሉ «አሽትት፣ ነቅንቅ፣ ብላ» እያለ ወረደ። ቀበሮ ቀዳዳው ሥር ተደበቀች።

ዳልቻ ጅቡን በር ላይ ስታየው አራቱም እግሯ ለሽሽት ተነሣ። ግን ወዴት ትሄዳለች? ከኋላዋ አምስት መደዳ በሽተኛ አለ። ከሸሸች ጨው ነው፣ ካልሸሸች ጥርስ ነው። የኋላ እግሯን ወደ እሱ አዙራ፣ አንገቷን ጠምዝዛ፣

«ማን ላከዎት?» አለችው።

አያ ጅቦ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከተወለደ ጀምሮ «እርስዎ» ያለው አልነበረም።

«እኔን ነው?»

«ሐኪሙ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ! እኔ ነኝ ሐኪሙ!» ደረቱን ነፋ። «እስቲ ድገሚው።»

«ይግቡ፣ እርስዎ ሐኪም። እባክዎ ይመርምሩልኝ።»

አያ ጅቦ የሚረግጥበትን እየመረጠ ገባ። በር ላይ ያለችውን በርበሬ፣ እንዳታቃጥለው ሳይነካት አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ አህያ አህያ ትሸታለች።»

ቀጣይዋን አሸተተ። «ይቺም አህያ።» ምራቁን ዋጠ። «ይቺም። ኧረ ይቺስ! ይቺማ ጥሩ አህያ ነው የምትሸተው።»

ከቀዳዳው ሥር ድምፅ ተሰማ። «ብላ! ብላ እንጂ!»

«ዝም በይ፣ ምርመራ ላይ ነኝ» አለ አያ ጅቦ። ከአንደኛው መደዳ እስከ አምስተኛው እያሸተተ፣ እየነቀነቀ፣ ለሐጩን እያዝረበረበ ሄደ። አጋሙ ላይ ሲደርስ ቆዳው ወፍራም ነውና ሰንጥቆት ገባ። እዚያም ቅጠል ሳይነካ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ሆኑ፣ ሐኪም?»

«እዚህ ምንም የለም። እነዚህ አህያ አይሸቱም። በርበሬ በርበሬ ብቻ! ምን ያደርጉልኛል?»

«ይድገሙልኝ እስቲ። የትኞቹ ናቸው የማይሸቱት?»

«እነዚህ፣ ከአጋሙ ጀርባ ያሉት! ይህን ያህል ሞልተው ሳለ አንዷም አህያ አትሸትም።»

ዳልቻ ጅቡ በሰነጠቀው የአጋም ክፍተት አሻግራ አየች። የስድስተኛው መደዳ ቅጠል ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ፍሬው ተንዠርጓል። ዕድሜዋን ሁሉ ሳያርፍ የኖረው እግሯ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ምች ቢሆን ፀሐዩ ለእነሱም ወጥቷል፤ ፀሐይ የመታው ቅጠልማ ነጥቶ ይደርቃል እንጂ እንዲህ አይጠማዘዝም። ፌንጣ ቢሆን አጋም አይከለክለውም። ውኃው አንድ ቦይ፣ ፍጉ አንድ ክምር ነው። ከአጋሙ ወዲያ ያልተሻገረው ምንድን ነው? ዳማከሴው አልተሻገረም። የአመዱ ጭራ አልተሻገረም። የእሷ አፍንጫ አልተሻገረም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በሽታው ከየት እንደ ጀመረ አላውቅም። ከአንዷ ወደ አንዷ ያዳረስሁት ግን እኔ ነኝ። በሽተኛዋን በሳምሁበት አፍ ጤነኛዋን ሳምሁ።»

«ጥሩ» አለ አያ ጅቦ ከአጋሙ እየወጣ። «እንግዲህ ምርመራው አልቋል። አሽትት አልቋል፣ ነቅንቅ አልቋል። ሐኪሙ ምሳውን ይበላል።»

ዳልቻ ሳታውቀው ጥግ ይዛ ነበር። ግራዋ አጥር፣ ቀኝዋ አጋም ነው፤ ለእርግጫ መዞሪያ የላትም። አፏን ወደ ጅቡ ፊት አስጠጋች።

«ይብሉ። ግን ይኸን አፍ አይተው ይብሉ። የነካው ሁሉ ምን እንደ ሆነ ያሸተቱት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

አያ ጅቦ አምስቱን መደዳ ዞሮ አየ። የተጨማደደውን አየ፣ የተጠቀለለውን አየ፣ እንደ ክር የቀጠነውን አየ። በመዳፉ ጆሮውን ዳበሰ።

«የኔም ጆሮ እንዲህ ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ! ሐኪሙ እርስዎ ነዎት።»

አያ ጅቦ እጅግ አሰበ። ከዚያ ወደ ቀዳዳው ዞረ። «አንቺ ቀበሮ! በሽተኛ ልታበይኝ ኖሯል?» ብሎ ተወረወረ። ቀበሮ ከፊት፣ ጅብ ከኋላ፣ ኮረብታውን ሲያቋርጡ ታዩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ወደ ምንጩ ዝር አላሉም።

ዳልቻ ቀዳዳውን ደፈነች። እንዶድ ወቅጣ አፍንጫዋን፣ ኮቴዋን፣ ጭራዋን አጠበች። ከዚያ የታመሙትን መንቀል ጀመረች። አንዷን ትነቅልና ቁልቁል ወስዳ ከቆፈረችው ጉድጓድ ትጥላለች፣ አፈር ታለብሳለች፣ ታጥባ ትመለሳለች። አምስት መደዳ ባዶ መሬት ሆነ።

በሩ አጠገብ ያለችውን ግን አልነቀለችም። ሦስቴ ዞረቻት። ከሁሉ ቀድማ ያበበች ናት። ከጎበጡት ፍሬዎቿ መካከል ሁለቱ ቀልተዋል። «ከስድስተኛው መደዳ ትርቃለች፣ ማንን ትነካለች?» አለች ለራሷ፣ ትታትም ሄደች።

ከሁሉ የከበዳት መቆሙ ነበር። ጠዋት ስትነሣ እግሯ ወደ አጋሙ ይነዳታል። ከአጥሩ ውጭ ሆና ኮቴዋን ከቦዩ ጭቃ ውስጥ ትተክልና፣ «እንደምን አደራችሁ?» ብላ ከሩቅ ትጮኻለች። አንገቷ ይሰግጋል፣ ትሰበስበዋለች። ቀትር ላይ ይጨንቃታል። ዐይናቸውን ልየው፣ አንዴ ብቻ ልዳብሳቸው ይላታል። አትገባም።

ሣሩ ቢጫ ሆነ። አንበሳ መጣ።

በሩን ገፍቶ ሲገባ ባዶውን መሬት አየ፣ አላመነም፣ ደግሞ አየ። በሩ አጠገብ ያለችውን ጠማማ በርበሬ አጎንብሶ አሸተታት። ቅጠሏን በአፍንጫው ገልብጦ፣ በከንፈሩ ይዞ ጎተት አደረገና ለቀቃት።

«ይቺ ናት በርበሬዬ?»

«አይደለችም፣ ጌታዬ። ከአጋሙ ጀርባ አለልዎ።»

አንበሳ ቀና ሲል ከእሾሁ መካከል የስድስተኛው መደዳ ፍሬ ቀልቶ ተንዠርጎ ታየው። ዐይኑ በራ። በባዶው መሬት ላይ በረጅሙ እየተራመደ ሄደ። ዳልቻ አፍንጫውን አየች፤ የበሽተኛይቱ ቅጠል ጭማቂ አረንጓዴ ሆኖ ተለቅልቆበታል።

ምን እንደምትል አላሰበችም። ሮጣ ቀደመችውና የአጋሙ መግቢያ ላይ ቆመች። እሾሁ ሁለቱንም ጆሮዋን ያዘ።

«ይቁሙ፣ ጌታዬ!»

አንበሳ ቆመ። በዚያ አገር ቁም ያለው ፍጡር አልነበረም።

«ለእኔ ነው?»

«ለእርስዎ ነው። ሳይታጠቡ አይንኩብኝ።»

«አህያ፣ የማንን መሬት እየከለከልሽ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። መሬቱ የእርስዎ ነው። ጨውም ከጫኑብኝ እጭናለሁ። ግን በዚያ በሽተኛ በነካ አፍንጫ እነዚህን አይነኩም። እኔ እንዲያ አድርጌ ነው አምስት መደዳ የጨረስሁት።»

«ሌላ አይደለም እንዴ ያጠፋው? እኔ ዘንድ መጥተው ቀበሮ ጅብ ነው ትላለች። ጅብ ቀበሮ ናት ይላል።»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ስሜያቸው።»

አንበሳ አያት። ጆሮዋ ከእሾሁ ላይ እየደማ ነው። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ባዶውን መሬት ከዳር እስከ ዳር አየ፣ ከዚያ የራሱን አፍንጫ ለማየት ዐይኑን አጠበበ።

«እንዶድ የት አለ?» አለ።

ዳልቻ አሳየችው። አንበሳ ቦዩ ዳር ተንበርክኮ ፊቱን ታጠበ። አረፋው አፉ ውስጥ ገብቶ አስነጠሰው። ጎፈሩ ውኃ እያንጠባጠበ ተመልሶ መጣ፣ አጋሙን በመዳፉ ከፈተ፣ አንዲት ቀይ ፍሬ ቀጥፎ አኘከ። እንባው ወረደ።

«መሬቱ ያንቺ ነው» አለና ሁለተኛዋን ቀጠፈ።

ዳልቻ ወደ በሩ ተመለሰች። ከሁሉ ቀድማ ያበበችው በርበሬ ሁለቱን ቀያይ ፍሬዎቿን እንደ ያዘች ቆማለች። ዳልቻ ሥሯን በኮቴዋ ፈለፈለች፣ ግንዷን ነከሰች፣ ሳትስማት ነቀለቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ የያዝነው ነገር ሲታመም ጥፋተኛ ፍለጋ ከመዞራችን በፊት፣ በደግነት የዘረጋነው የራሳችን እጅ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸክሞት እየዞረ እንደ ሆነ መመርመር እንዳለብን ነው።